ከሰንሰለቱ በፊት ያለው ጸሐፊ

ሚያዝያ 19 ቀን 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴርና የካርዳኖ ብሎክቼይን ገንቢ ኩባንያ አይኦኤችኬ አንድ ሰፊ ዕቅድ ይፋ አደረጉ። 5 ሚሊዮን ተማሪዎች፣ 750 ሺህ መምህራን፣ 3,500 ትምህርት ቤቶች። ተማሪው አታላ ፕሪዝም በተባለ ሥርዓት ዲጂታል መታወቂያ ይይዛል፤ ውጤቱን ፍቆ የሚደልዝ አይኖርም ተባለ።

ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ስንቱን መሥሪያ ቤት እንዳመሰ ለሚያውቅ ሰው ወሬው ደስ ያሰኛል። ከአጋርፋ ወይም ከዲንሾ መጥቶ ሮቤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ፣ ዲግሪው እውነተኛ መሆኑን ቀጣሪው የሚያረጋግጠው ለሬጅስትራር ደብዳቤ ጽፎ መልሱን ጠብቆ ነው። በብሎክቼይን ይህ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ማስረጃው በተማሪው ስልክ ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ ላይ የሚሰፍረው ስሙ ወይም ውጤቱ ሳይሆን የሰጪው ተቋም ዲጂታል ማኅተም ነው።

እዚህ ድረስ ቅር የሚል ነገር የለም። የእኔ ጥያቄ ማኅተሙ ከማረፉ በፊት ስላለው ጸሐፊ ነው። የወሳኝ ኩነት አዋጅ 760/2004 ቢወጣም ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በ2013 ዘጠነኛ ክፍል የነበረ የባሌ ልጅ ሲወለድ ይህ ምዝገባ አልነበረም። እናቱ የምታስታውሰው የገብስ አጨዳ ሰሞን መሆኑን ነው፤ ቀኑን የሞላው ጸሐፊው ነው። ስሙም እንዲሁ። ሁሴን በቀበሌ መታወቂያው በቁቤ አናባቢው ተደርቦ ይጻፋል፤ በፈተና ቅጹ በእንግሊዝኛ አናባቢው ነጠላ ሆኖ «ስ» ይደረባል። በሁለት ወረቀት ሁለት ሁሴን። ሰንሰለቱ ሁለቱንም እኩል አጥብቆ ይጠብቃቸዋል።

በእርግጥ የተሳሳተ ማስረጃ ተሽሮ በአዲስ ሊተካ ይችላል። የሚሽረው ግን ያው ሰጪው ቢሮ ነው፤ ስለዚህ ደጅ መጥናቱ አይቀርም።

ዕቅዱ ሰውን ተከትሎ የተጓዘም ይመስለኛል። ጌታሁን መኩሪያ በ2010 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሳሉ ነበር መሥሪያ ቤታቸው ከዚሁ ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ የፈረመው፤ ትልቁ ዕቅድ ሲታወጅ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። መስከረም 2014 ወንበሩ ለብርሃኑ ነጋ ተላለፈ።

ዛሬ ባንክ የሚጠይቀው ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ነው። እርሱ ብሎክቼይን አይደለም፤ ባንጋሎር በተሠራው ሞሲፕ ላይ የቆመ ማዕከላዊ መዝገብ ነው። በአዋጅ 1284/2015 የተደነገገው ይህ ሥርዓት የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፊት ወስዶ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ ይከላከላል፤ ስሙ በትክክል መጻፉን ግን አሻራ አይነግረውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የተሳሳተ መረጃ የማሳረም መብት ሰጥቷል። ከባሌው ሳነቴ አምባ ማዶ ያለ ገበሬ ግን መብቱን የሚያገኘው ጎባ ወይም ሮቤ ድረስ ተሳፍሮ ከሆነ፣ ከእርማቱ ትራንስፖርቱ ይብስበታል።

ለሰንሰለቱ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለቀበሌ መዝጋቢ ይዋል። ቅጹ ላይ ስሙ በቁቤ፣ በግዕዝና በእንግሊዝኛ ፊደል ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ባለቤቱ ከመፈረሙ በፊትም ጮክ ተብሎ ይነበብለት።