ጃክሰንፖርት ስትሄዱ መጀመሪያ ሣሩን እዩ

በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት ከሊትል ሮክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድታችሁ ጃክሰንፖርት ስቴት ፓርክ ከደረሳችሁ፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው በጆሯችሁ የሚነግራችሁን ልንገራችሁ። ከመኪና እንደወረዳችሁ ወደ ቀዩ የጡብ ሕንፃ አትሩጡ። ጎብኚው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። እናንተ መጀመሪያ ወደ ዋይት ወንዝ ዳር ውጡና ፊታችሁን መልሳችሁ ሣሩን እዩ።

ያ ባዶ የሚመስለው መስክ የድሮው የጃክሰንፖርት ከተማ ነው። ሱቁም፣ መጋዘኑም፣ መኖሪያ ቤቱም እዚያ ላይ ነበር። የዋይትና የብላክ ወንዞች መገናኛ ቅርብ በመሆኑ የእንፋሎት መርከቦች እዚህ ቆመው ጥጥ ይጭኑ ነበር። ያን ጥጥ እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ድረስ የዘሩትና የለቀሙት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች መሆናቸውን ወንዙ ዳር ቆማችሁ አስቡት። የወደቡ ሀብት ከእነሱ ጉልበት የተነጠቀ ነው። ጦርነቱ ሲመጣም ሁለቱም ወገኖች ቦታውን ለወንዙ ሲሉ ፈለጉት። በፈረንጆች አቆጣጠር ሰኔ 5 ቀን 1865 የደቡቡ ጄኔራል ጄፍ ቶምፕሰን ጦር እጁን የሰጠው እዚሁ ነው።

አሁን ወደ ሕንፃው ሂዱ። የካውንቲው ፍርድ ቤት ነበር፤ ተሠርቶ ያለቀው በ1872 ነው። ይህን ዓመት ያዙልኝ፣ የከተማዋ ዕጣ ያለው እሱ ውስጥ ነው። በዚያው ጊዜ የባቡር ኩባንያ መጥቶ መሬትና 25,000 ዶላር ብትሰጡኝ ሐዲዱን በከተማችሁ አሳልፋለሁ አለ። የከተማዋ ሰዎች ወንዙ ይበቃናል ብለው እምቢ አሉ። ሐዲዱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት በኒውፖርት በኩል አለፈ፤ ነጋዴውም ተከተለው፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የካውንቲው መቀመጫም ወደዚያው ሄደ። ስለዚህ የጡቡን ግድግዳ ስታዩ ዝም ብላችሁ አሮጌ ሕንፃ አትበሉት። ከተማዋ ገና ብዙ ዘመን እንደምትኖር አምና የሠራችው ቤት ነው።

ፍርድ ቤትነቱ ካበቃ በኋላ ትምህርት ቤት ሆነ፣ የጥጥ መዳመጫ ሆነ፣ የድሆች መጠለያም ሆነ። ከመፍረስ ያዳኑት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። የካውንቲው የታሪክ ማኅበር በ1962 ገዛው። ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው ሰኔ 5 ቀን 1965 ነው፤ የቶምፕሰን ጦር እጁን ከሰጠ ልክ በ100ኛ ዓመቱ። ቦታው ስቴት ፓርክ የሆነውም በዚያው ዓመት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በድሮ ፎቶዎችና መጻሕፍት ላይ ሜሪ ውድስ ቁጥር 2 የምትባል መርከብ ወንዙ ላይ ቆማ ታያላችሁ። አትፈልጓት፤ የለችም። እሷም ብትሆን የጥጡ ዘመን መርከብ አልነበረችም፤ በ1931 ተሠርታ እንጨት ስትጎትት የኖረች ናት። በ1997 አውሎ ነፋስ እሷንም ፍርድ ቤቱንም መታ። ሁለቱም ተጠገኑ፤ እሷ ግን በ2010 ሰጠመች።

ድንኳን ካላችሁ ወንዙ ዳር እደሩ፤ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ የውኃውን ሁኔታ ጠይቁ። ዋይት ሲሞላ የማደሪያውን ቦታ ይወስደዋል። በማግስቱ ኒውፖርትን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ጃክሰንፖርት ያጣችውን ያገኘችው እሷ ናት። የአንዷ ታሪክ ያለሌላዋ አይገባም። ጃክሰንፖርት ዛሬ የምትታይ ነገር ካላት ደግሞ፣ መንግሥት ከመድረሱ በፊት የጎረቤት ሰዎች ገንዘባቸውን አውጥተው ስለገዙላት ነው። በየአገራችሁ የሚፈርስ አሮጌ ቤት ስታዩ ይህን አስታውሱ።