ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ስለሚታየው የሰማይ ወጋገን

በሞጣና በብቸና አገር በቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሌሊቱን የቃል ትምህርት ያለ መብራት መቀጸሉን አይረሳም። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት እንኳ ቀና ያለ እንደ ሆነ የጎጆው ክዳንና የዛፉ ጫፍ በሰማዩ ላይ ጠቍሮ ይታየው ነበር። ሰማዩ ብርሃን ባይኖረው ይህ ባልተለየ ነበር። እንግዲህ ልጅ አባቱን «ይህ ብርሃን ከወዴት ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው የአስተዋይ ነውና «ዝም በል» ማለት አይገባም።

ከፊሉ የከዋክብት ብርሃን ነው፤ ከፊሉም በፀሐይ ዙሪያ የተበተነ ደቃቅ ትቢያ የሚመልሰው የፀሐይ ብርሃን ነው። ዳሩ ግን አየሩ ራሱ የሚያወጣው ብርሃን ደግሞ አለ። የስዊድን ሊቅ አንደርስ ኦንግስትሮም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1868 ዓመት የሌሊቱን ሰማይ ብርሃን በየቀለሙ ለይቶ ሲመረምር የዚህን አረንጓዴ መስመር አገኘ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ቀን የፀሐይ ጨረር በላይኛው አየር ሁለት ሁለት ሆኖ የተጣመረውን ኦክሲጅን ይለያየዋል። ሌሊት የተለያዩት እንደ ገና ሲጣመሩ ከፀሐይ የተቀበሉትን ኀይል በብርሃን ይመልሱታል። ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ማታ ሙቀቱን እንደሚሰጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን ይህ ብርሃን ከመጣመር እንጂ ከመጋል አይወጣም። አረንጓዴው ከምድር 95 ኪሎ ሜትር፥ ቀዩም 250 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል። እጅግ ደካማ ስለ ሆነ ዓይናችን ቀለሙን አይለይም፤ በጠፈር የሚጓዙ ሰዎች ግን ምድርን እንደ ቀጭን መቀነት ከብቦ ያዩታል።

ይህንንም ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተተከለ መሣሪያ በ2008 ዓ.ም. በ53 ሌሊቶች ቀዩን ብርሃን መርምሮ፥ ከቀለሙ ጥቂት መለዋወጥ የተነሣ በዚያ ከፍታ የሚነፍሰውን ነፋስና ያለውን ሙቀት ለመለካት አስችሏል። የዚያ ከፍታ አየር የሬዲዮንና የሳተላይትን መልእክት ያውካልና ጠባዩን ማወቅ ይጠቅማል።

አሁን ግን የኤሌክትሪክ መብራት በበዛበት ከተማ ይህ ወጋገን ይሸፈናል፤ ልጆቻችንም አባቶቻቸው ሲቀጽሉ ያዩትን ሰማይ ሳያውቁ እንዳያድጉ ያሠጋል። ስለዚህ ወላጆች በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ሰማዩ በጠራና ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፥ ልጆቻቸውን ጋቢ አልብሰው ከከተማው ራቅ ወዳለ ሜዳ እንዲያወጧቸው እናሳስባለን። መብራቱን አጥፍተው፥ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሡ፤ ከዚያም ልጁ አስቀድሞ ያየውን እንዲናገር ይተዉት።