ጎሬ ላይ አማርኛ የሚማር ልጅ ምን ያንብብ?

በኢሉባቦር፣ በጎሬና በመቱ፣ ብዙ ልጆች ቤታቸው የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ መጀመሪያ የሚቆጥሩትም ቋንቋው የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ቁቤን ነው። አማርኛ ኋላ ይመጣል፣ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ። ያን ጊዜ ምን እናስነብባቸው የሚለው ጥያቄ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር አፋን ኦሮሞም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ተመረጠ፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፈተ። ይህ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አማርኛን ከቤቱ ይዞ ለሚመጣ ልጅ የተጻፈ ምንባብ አሳጥሮ ለኢሉባቦር ልጅ መስጠት አይበቃም።

ችግሩ ከፊደሉ ይጀምራል። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ስለዚህ «ሶዳ» ሲላላ ፍርሃት፣ ሲጠብቅ አማት መሆኑን ልጁ በዓይኑ ያየዋል። የግዕዝ ፊደል ይህን አያሳይም። «ገና ገና አልደረሰም» የሚለውን አማርኛ ተናጋሪ ሳያስብ ያነበዋል፤ ለጀማሪው ግን አንድ ቃል በስሕተት የተደገመ ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ቢደረግ ምን ይከብዳል?

ቀጥሎ የቃላት ጉዳይ አለ። በንባብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንባቢ ያለ ረዳት እንዲረዳ ከ100 ቃላት 98ቱን ያህል ማወቅ አለበት። የቻይንኛ አስተማሪዎች ይህን በቁጥር ይዘውታል፤ ኤችኤስኬ የተባለው ፈተናቸው ለዓመታት በሠራበት መልኩ 1ኛ ደረጃ 150፣ 2ኛው 300፣ 3ኛው 600 ቃላት ይጠይቅ ነበር። ለጀማሪ የሚጻፉ ታሪኮችም በእንዲህ ያለ ልክ ይሰፋሉ። የቻይንኛ ግስ ግን አይረባም። በአማርኛ «ነገረ»ን ያወቀ ልጅ «እንዳልተነገራቸው» ላይ ሲደርስ የሚያውቀውን ቃል አያገኘውም። ስለዚህ ለእኛ ቃል መቁጠር ብቻ አይሆንም፤ በየትኛው ክፍል የትኛው እርባታ ይግባ የሚለውም መወሰን አለበት።

ይዘቱን በተመለከተ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከመቱ ብዙም በማይርቀው ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀው የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ ታተመ። አስቴር ከሕዝቡ አፍ የሰበሰበቻቸው ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ገብተውበታል። አንባቢው የሚያገኘው አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን ነበር። ከዚህ የተሻለ የማንበቢያ ጥበብ አላውቅም።

ይኸው ጥበብ ለአማርኛም ይሠራል። ልጁ ቡና ለቀማን ያውቃል፤ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎን፣ የሶር ፏፏቴን፣ የያዮን ጫካ ያውቃል። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ ጎሬ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ እንደነበረች ከአያቶቹ ሰምቶ ይሆናል። የሚያውቀውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ሲያነብ ግምቱ ይረዳዋል።

የመቱና የጎሬ መምህራን፣ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አጫጭር ታሪኮቹን ጻፉ፤ ክፍል ውስጥ አስነብባችሁ ልጆቹ የተደናቀፉበትን ቃል አውጡ፤ መጽሐፍ አዘጋጆችም ከእናንተ ይጀምሩ።