የማይናከሱ ትንኞች ዝርያ እንዴት ይለያል?

ኪሮኖሚዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ የሚመደቡት ትንኞች መልካቸው የወባ ትንኝን ቢመስልም ደም አይመጥጡም። ጉዳት የላቸውም ማለት ግን አይደለም፤ በሱዳን በዓባይ ዳርቻ የሚፈላ አንድ አረንጓዴ ዝርያ ነዋሪውን በአስም ያስቸገረበት ጊዜ ነበር። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ7 ሺህ ይበልጣሉ። በአንታርክቲካ በረዶ መካከል እንኳ ክንፍ አልባዋ ቤልጂካ አንታርክቲካ ትኖራለች።

አዲስ ዝርያ ማግኘት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መረብ ይዞ ወንዝ መውረድን ነው። ዋናው ሥራ ግን ከማይክሮስኮፕ ሥር ነው። በአልኮል የተቀመጠው ትንኝ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥጋው ሟሙቶ ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ክንፉ፣ እግሮቹ፣ ጭንቅላቱና ሆዱ ተነጣጥለው በመስታወት ስላይድ ላይ በካናዳ በለሳን ይጣበቃሉ። አጥኚው የአንቴናውን አንጓዎች ይቆጥራል፤ የፊት እግሩን ይለካል። ከቅልጥሙ ቀጥሎ ያለው አንጓ ከቅልጥሙ ከረዘመ ትንኙ አብዛኛውን ጊዜ ከኪሮኖሚኔ ንዑስ ቤተሰብ ነው፤ ካጠረ ወደ ኦርቶክላዲኔ ያመለክታል። ዝርያውን ለመለየት ግን ከሁሉም በላይ የሚታመነው የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው።

ችግሩ ትንኙ በራሪ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት መሆኑ ነው። ዕድሜው በአብዛኛው የሚያልፈው በውሃ ውስጥ በእጭነት ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ የሚኖሩት እጮች ከሄሞግሎቢናቸው የተነሳ ደም ይመስላሉ። እጩ ከበራሪው ጋር ምንም መልክ ስለማይጋራ አንዱ ዝርያ ሁለት ስም ሊወጣለት ይችላል። መፍትሔው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ እጭ ለብቻው በትንሽ ብልቃጥ ያድጋል፣ በራሪው ሲወጣም የእጩና የፑፓው (በእጭና በበራሪ መካከል ያለው ደረጃ) ቆዳ አብሮት ይቀመጣል። ዛሬ የእጩንና የበራሪውን ዝምድና 658 ፊደላት ያሉት አጭር የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል በፍጥነት ያሳያል።

በዓይን የማይለዩ መንታ ዝርያዎችም አሉ። ኪሮኖመስ ሪፓሪየስና ኪሮኖመስ ፒገር የተለዩት በእጮቻቸው የምራቅ እጢ ውስጥ ባሉት ግዙፍ ክሮሞዞሞች ነው። እነዚህን ክሮሞዞሞች እ.ኤ.አ. በ1881 በዚሁ የትንኝ ወገን ያያቸው ተመራማሪው ባልቢያኒ ነበር። ብዙ አጥኚዎች ግን የዲ.ኤን.ኤ. ልዩነት ብቻውን አዲስ ስም ለማውጣት አይበቃም፤ የአካል ማስረጃ ሊደግፈው ይገባል ይላሉ።

ምደባው ከስም ዝርዝር ያለፈ ጥቅም አለው። ስዊድናዊው ላርስ ብሩንዲን እ.ኤ.አ. በ1966 የደቡብ አሜሪካን፣ የአውስትራሊያንና የኒውዚላንድን ትንኞች ዝምድና አነጻጽሮ አህጉራቱ ቀድሞ የተያያዙ እንደነበሩ የሚደግፍ ማስረጃ አቅርቧል።

ስሙ የሚጸናው መግለጫው ታትሞ፣ ስሙን የሚወክለው አንድ ናሙና ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ናሙናው ብዙውን ጊዜ በሙዚየም ይቀመጣል፤ በኋላ ክርክር ከተነሳ ዳኛው እሱ ነው። የኢትዮጵያን ወንዞች ትንኞች በተመለከተም ተመራማሪው ኤ.ዲ. ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተከታታይ ያሳተማቸው ጥናቶች አሉ፤ ከደጋ ጅረት የወጣ እጭ አዲስ ነው ከማለት በፊት እነሱን ማገላበጥ ግድ ነው።