ለአምባዛ የምትሰኩት ማባበያና ጤናችሁ

በፑኝዶ አጠገብ በሚያልፈው በጊሎ ወንዝ ዳር መንጠቆ ይዘው የሚያመሹ ብዙ ናቸው። አምባዛ ሰውነት ገንቢ ምግብ ነው፤ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ይጠቅማል። ይሁን እንጂ በመንጠቆው ላይ ምን እንደምትሰኩና ትራፊውን የት እንደምትጥሉ ካላሰባችሁበት ከዓሣው ጋር በሽታም ወደ ቤታችሁ ሊገባ ይችላል።

አምባዛ ምን ይስበዋል?

አምባዛ ምግቡን የሚፈልገው በዓይኑ ሳይሆን በይበልጥ በማሽተትና በመቅመስ ነው። በአፉ ዙሪያ ያሉት ስምንት ጢሞች በደፈረሰ ውሃና በጨለማ ይመሩታል። ስለዚህ ማባበያው ሽታ ያለው፣ በመንጠቆው ላይ የሚቆይና ወደ ወንዙ ወለል የሚወርድ መሆን አለበት።

የሚመረጡ ማባበያዎች

1. የመሬት ትል፦ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ሰኩ። ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ ግን አትቆፍሩ፤ በባዶ እግርም አትቁሙ። ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በእግር ቆዳ በኩል ይገባል።

2. ምስጥና ፌንጣ፦ ያለ ወጪ ይገኛሉ። ክንፍ ያለው ምስጥ ከዝናብ በኋላ በብዛት ይወጣል።

3. የዶሮ አንጀት፦ ሽታው ጠንካራ ስለሆነ አምባዛን በደንብ ይስባል። ታሞ ከሞተ ዶሮ ግን ፈጽሞ አትውሰዱ።

ማባበያ ከነካችሁ በኋላ ምግብ ከመያዛችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቀንድ አውጣ ለመልቀም ብላችሁም ወደ ቆመ ውሃ አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ የሚይዘው እንዲህ ባለው ውሃ ነው።

እንቁራሪትና የዓሣ አንጀት ለምን አይመከሩም?

ጎግና አቦቦ ወረዳዎች ጊኒ ዎርም የታየባቸው አካባቢዎች ናቸው። የዚህ ትል እጭ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ በዓይን በማይለዩ ትንንሽ ነፍሳት ውስጥ ያድጋል። ዓሣና እንቁራሪት እነዚህን ነፍሳት ሲበሉ እጩ በሰውነታቸው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ውሻ ጥሬውን አንጀት ወይም እንቁራሪት ሲበላ ይያዛል፤ ከዓመት ገደማ በኋላ ትሉ ከቆዳው ይወጣል። ያ ውሻ ወደ ኩሬ ሲገባ ውሃው ይበከላል፤ ውሃውን ሳያጣራ የጠጣም ሰው ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጋምቤላ ክልል 15 ሰዎች የተያዙት ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ጠጥተው ነው። በደንብ ያልበሰለ ዓሣም ሊያስይዝ ይችላል።

ለዚህ በሽታ የሚያድን መድኃኒትም ሆነ ክትባት የለም። እስከ አንድ ሜትር የሚረዝመው ትል ቀስ በቀስ እየተጠቀለለ እስኪወጣ ድረስ በሽተኛው ለሳምንታት ከሥራ ይውላል። ነገር ግን መከላከል ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በየዓመቱ ይያዙ ነበር፤ ዛሬ በዓመት የሚያዙት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህም የሆነው በመድኃኒት ሳይሆን ሰው ልማዱን በመለወጡ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

• የዓሣ አንጀትና የተረፈ ማባበያ ወንዝ ዳር አትጣሉ፤ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ።
• ለውሻ ጥሬ ዓሣ አትስጡ፤ ውሻችሁን እሰሩ።
• ዓሣውን እስከ ውስጡ አብስሉ።
• ወንዝ ዳር ስትውሉ የምትጠጡትን ውሃ ከቤት ያዙ፤ ከሌላችሁ በማጣሪያ ጨርቅ አጣሩ።
• የአምባዛ እሾህ ከወጋችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።
• ምሽት የወባ ትንኝ የሚነክስበት ሰዓት ነው፤ እጅና እግርን የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።

በእግር ወይም በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ የሚያቃጥል እብጠት ወይም ውሃ የቋጠረ ቁስል ያየ ሰው ወደ ውሃ ሳይገባ በዚያው ቀን ለጤና ሠራተኛ ይንገር። በውሻ ላይ ያያችሁትንም አትደብቁ። አንድ ሰው በጊዜ ቢናገር የመላው ሠፈር ውሃ ይጠበቃል።

መልካም ዓሣ ማጥመድ! በጤና ቆዩን።