መምህሩ ሰዓቱን ለማን ይሽጥ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ሁለት የኮሌጅ መምህራን ሻይ ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ደመወዝ ላይ መውደቁ አይቀርም። የመስከረም 2018ቱ ጭማሪ ገና እጅ ሳይገባ አከራዩ ሰምቶታል፤ የጤፍ ነጋዴውም ሰምቶታል። የማታና የክረምት ማስተማሪያ ክፍያ ይዘገያል፣ የዝውውር ጥያቄ መልስ ያጣል፣ አንድ መምህር ሲለቅ የእሱ ክፍለ ጊዜ በቀሩት ጫንቃ ላይ ይደለደላል። ቅሬታውን ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ግን ነገሩ የብሩ ማነስ ብቻ አይደለም። ጭማሪም ሆነ ጫና የሚመጣው በሰርኩላር ነው፤ ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ የተነጋገረበት የለም።

ቁጥሮቹ ይታወቃሉ። በ2017 መጀመሪያ በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲዘል፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ከፍ አለ። 5 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ የሆነው የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ስለዚህ በእርከኑ ላይኛው ጫፍ አካባቢ የነበረ፣ ብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ብር በወደቀበት ዓመት ከሁሉም ያነሰ ጭማሪ ደረሰው። የመስከረም 2018ቱ ውሳኔ ዝቅተኛውን 6,000፣ ከፍተኛውን 39,000፣ የጀማሪ ባለ ዲግሪውን ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አደረሰ። ከ11,500 ብር ላይ በአዲሱ የግብር ስሌት 2,100፣ ለጡረታ 805 ብር ሲነሣ የሚተርፈው 8,595 ነው። ከምንዛሪ ለውጡ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያ መስከረም ከ140 ብር በላይ ነበር።

በ2018 መጀመሪያ የዋጋ ንረቱ ወደ 13 በመቶ ገደማ ወርዷል ይል የነበረው መግለጫ እዚህ ብዙ አያስኬድም። ንረቱ ወረደ ማለት ዋጋ የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው፤ በ2014 እና በ2015 ከ30 በመቶ በላይ እየሮጠ የወጣው ዋጋ ዛሬም እዚያው ላይ ተቀምጧል። ቁጥሩም የአገር አማካይ ነው። መንገድ በተዘጋ ሳምንት ሞጣ ላይ የሚሸጠው ዘይት ዋጋው ከሌላው ከተማ ሁሉ ጋር ተደባልቆ በአማካዩ ውስጥ ይሟሟል። በዚህ አማካይ ላይ ተመሥርቶ የሚታሰብ ጭማሪ ከመነሻውም የሞጣን ሰው ኑሮ አልለካም።

የመምህሩ ክፍያ ለምን ዝቅ አለ ሲባል በየስብሰባው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ተመራቂ በዝቷል። ዲግሪ የያዘ ሥራ አጥ በየከተማው ሞልቶ ሳለ ቀጣሪው ለምን ይጨምራል? መልሱ ለጆሮ ይጥማል፤ ግን የገበያውን አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚያሳየው። መምህር በእርግጥ ተትረፍርፎ ቢሆን ኖሮ ልምድ ያለው ሲለቅ ቦታው ወዲያው ይሞላ ነበር፣ የሄደውም ሰው ድንበር ተሻግሮ በሶማሊላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማር አይገደድም ነበር። ዝቅተኛ ክፍያና ክፍት መደብ ጎን ለጎን ሲኖሩ የመብዛት ታሪክ አያብራራቸውም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያብራራው የገዢው ብቸኝነት ነው።

እንግሊዛዊቷ የኢኮኖሚ ሊቅ ጆአን ሮቢንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ያነሣችው ሐሳብ ይኸው ነው። ሻጩ ብዙ፣ ገዢው አንድ የሆነበት ገበያ ዋጋውን የሚያገኘው ከፍላጎትና ከአቅርቦት መገናኛ አይደለም፤ ከገዢው ስሌት ነው። ለማየት ከቢቸና ገበያ የተሻለ ቦታ የለም። ከእነማይ ገጠር ነጭ ጤፉን በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ አንዱ ነጋዴ ዋጋ ቢሰብርበት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሁሉም ቢተባበሩበት እህሉን መልሶ ጎተራ ያስገባዋል፣ በሚቀጥለው ገበያ ይመለሳል። ግብርናን፣ ኤሌክትሪክን ወይም ሒሳብን የሚያስተምረው መምህር ግን በዚያው ከተማ ሙያውን የሚገዛው አንድ ቀጣሪ ብቻ ነው፤ መንግሥት። ሰዓቱም አይከማችም። የዛሬ ማክሰኞ ያልተከፈለበት ሦስት ሰዓት ለሚቀጥለው ማክሰኞ አይተርፍም።

አሁን ስሌቱ ይታይ። አንድ ኮሌጅ በአንድ የሥልጠና ዘርፍ 10 መምህራን አሉት እንበል፤ እያንዳንዳቸው 11,500 ብር ያገኛሉ። ተማሪው ስለበዛ አሥራ አንደኛ መምህር ያስፈልጋል፤ ለቦታው የሚመጥነው ሰው ግን ከባሕር ዳር ተነሥቶ ለመምጣት ከ13,000 በታች አይስማማም። እርከኑ አንድ ነው፤ ለአዲሱ 13,000 ከተከፈለ ለነባሮቹ 10ም ያንኑ መክፈል ግድ ይሆናል። ስለዚህ ቀጣሪው ወረቀቱ ላይ የሚያየው የአሥራ አንደኛው ዋጋ 13,000 አይደለም፤ በዚያ ላይ ለ10ሩ የሚጨመረው 15,000 ተደምሮ 28,000 ብር ነው። የአዲሱ መምህር ሥራ ለኮሌጁ 20,000 ብር የሚያህል ጥቅም ቢያመጣ እንኳ ቅጥሩ «አያዋጣም» ይባላል። መደቡ ክፍት ይቆያል፤ ክፍለ ጊዜው በ10ሩ ላይ ይከፋፈላል፤ ደመወዙም ባለበት ይቀራል። ተመራቂ በዛም አነሰም ይህ ስሌት አይለወጥም።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጣዩን እርምጃ ነው። መምህራኑ በማኅበር ተደራድረው የሁሉም መነሻ 13,000 ይሁን የሚል ውል ቢፈርሙ የአሥራ አንደኛው ሰው ተጨማሪ ወጪ ከ28,000 ወደ 13,000 ብር ይወርዳል፤ ለነባሮቹ የሚከፈለው ቀድሞ ስለተቆረጠ። ቀጣሪው ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ላለመቅጠር ምክንያት የለውም። «ደመወዝ ሲጨመር ቅጥር ይቀንሳል» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ሕግ የሚሠራው ብዙ ቀጣሪ ባለበት ገበያ ነው፤ በብቸኛ ገዢ ፊት ክፍያም ቅጥርም አብረው ሊያድጉ ይችላሉ። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ከፍ ሲል በፈጣን ምግብ ቤቶች ቅጥር እንዳልቀነሰ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሲያሳዩ ባለሙያዎች ወደዚህ ሐሳብ ተመለሱ። ካርድ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ።

መንግሥት ትርፍ የሚያሳድድ ነጋዴ አይደለም የሚል ክርክር ይነሣል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የበጀት ጣሪያ ያለበት ቀጣሪ ስሌቱ ከነጋዴው አይለይም፤ ለአንድ ሰው ብሎ እርከኑን መንካት ስለሚፈራ መደቡን ባዶ ይተዋል። የገዢው ጉልበት ደግሞ እንደ መንገዱ ነው። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት የባሕር ዳር፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጀን መስመር እንደ ልብ የሚሄዱበት አልሆነም። የተሻለ ሥራ ፍለጋ መንቀሳቀስ በከበደ ቁጥር ቀጣሪው ይበልጥ ብቸኛ፣ መምህሩ ይበልጥ ያለ አማራጭ የቀረ ሻጭ ይሆናል። በትርፍ ሰዓት የግል ተቋም ሊያስተምር የሚችለው የአዲስ አበባ መምህርና የሞጣው መምህር በአንድ እርከን ቢከፈላቸውም በአንድ ገበያ ውስጥ አይደሉም።

እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ መምህራንን ለሁለት ይከፍላል። የግል ኮሌጅ መምህር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ነው፤ 10 ሠራተኛ ባለበት ማኅበር መሥርቶ የኅብረት ስምምነት መፈረም ይችላል፣ ከባድ የኢኮኖሚ ለውጥ ሲመጣም ውሉ ጊዜው ሳያልቅ እንዲከለስ መጠየቅ ይችላል። የብር ምንዛሪ ለውጡን የመሰለ ነገር ሲደርስ ይህ አንቀጽ ምን ያህል እንደሚጠቅም መናገር አያሻም። የመንግሥት ኮሌጅ መምህር ግን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሚተዳደር ወደዚህ አዋጅ አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞችም ተደራጅተው እንዲደራደሩ መብት ሰጥቷል፤ ማን ማን ይሁን የሚለውን ግን ለዝርዝር ሕግ ተወው። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የመደራደር መብትን የያዙትን 87ኛውንና 98ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች ያጸደቀችው ከዚያም በፊት፣ በ1955 ነው። በ1941 የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር ዛሬም አለ፤ አቤት ይላል፣ ይመክራል፣ የሚያስገድድ ውል ግን አይፈርምም።

የድርድር ጠረጴዛ ሲጠፋ የሚሆነውን አገሩ ደጋግሞ አይቶታል። በ1960 አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ተወስኖ ሲመጣ ሞጣና ቢቸና የተቃውሞው ግንባር ቀደም አውራጃዎች ሆኑ። ገበሬው ግምቱን አልቀበልም አለ፤ ጦር ዘመተበት፤ በመጨረሻ የጎጃም ጠቅላይ ገዢ ተነሣ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። በየካቲት 1966 መምህራን በጊዜው የተዘጋጀውን የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተቃውመው፣ ደመወዝም ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ ጥናቱ እንዲቆይ ተደረገ፤ በዚያው ወር የተጀመረው እንቅስቃሴ መንግሥት ለወጠ። በኅዳር መጨረሻ 2015 የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ አቆሙ። ሁሉም ጋ ነገሩ ጉዳት ላይ የደረሰው አስገዳጅ ድርድር ሳይኖር ነው።

ውል ብቻውን እንደማይበቃ ጎረቤት ኬንያ ታሳያለች። የኬንያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ለ2017–2021 እ.ኤ.አ. የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ነበረው፤ ከዚያ ውስጥ 7.9 ቢሊዮን ሽልንግ ሳይከፈል ከረመ። የእኛ ጭማሪ በታወጀበት በዚያው መስከረም 2018 አድማ መቱ፤ ከ49 ቀን በኋላ በጥቅምት፣ ገንዘቡ በሁለት ዙር እንዲከፈል ተስማምተው ተመለሱ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ፈራሚውና ከፋዩ መለያየት የለባቸውም የሚለው ነው። የሞጣ ኮሌጅ ዲን ቢፈርም ገንዘብ የለውም፤ የክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ቢስማማ በጀቱ ከገንዘብ ቢሮ ነው፤ ገንዘብ ቢሮውም የፌዴራል ድጎማ ይጠብቃል፤ እርከኑ ደግሞ የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው። መምህሩ ከማን ጋር ይደራደር ቢባል የሚመለስለት አንድ ስም የለም።

ይሁን እንጂ የሥራ ሁኔታ ሁሉ የእርከን ጉዳይ አይደለም፤ ብዙው ያለ አዲስ በጀት የሚፈታ ነው። አንድ መምህር በሳምንት ሊይዘው የሚችለው ከፍተኛ ክፍለ ጊዜ ስንት ይሁን? ከዚያ ያለፈው ትርፍ ጫና ክፍያው በስንት ቀን ውስጥ ይፈጸም? የለቀቀ መምህር ክፍለ ጊዜ ለምን ያህል ጊዜ በሌሎች ላይ ይቆይ? ዝውውር በምን ቅደም ተከተል ይታይ? መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሥራ ገበታው ላይ ያልደረሰ መምህር እንደ ቀሪ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? በወርክሾፕ የሚያሠለጥነው መምህር ጓንትና መከላከያ መነጽር ከማን ያግኝ? እነዚህን ለመወሰን የሚኒስትሮች ምክር ቤትን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ክልሉ በራሱ ሥልጣን ሊስማማባቸው ይችላል። ለብቸኛ ገዢ ደግሞ ትልቁ ልጓም እዚህ ነው፤ ክፍት መደብን በነባሮቹ ጫንቃ መሙላት ዋጋ እንዲያስከፍለው ከተደረገ ያ የ28,000 ብር ስሌት በራሱ ይናጋል።

ካልሆነ የሚከተለው ሩቅ አይደለም። ልምድ ያለው ይሄዳል፣ ወጣቱ የሚማርበት ሰው ያጣል፣ የኮሌጁ ድክመት በሥልጠናው ጥራት፣ ከመምህራን ኮሌጅ የሚወጣው ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ይታያል፤ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። የጫናና የዝውውር ደንቡን ለመነጋገር የሚበቃ አዳራሽ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም አለ። የጎደለው የሥራና ሥልጠና ቢሮውን፣ የገንዘብ ቢሮውንና የቢቸናና የሞጣ መምህራን ራሳቸው የሚመርጧቸውን ተወካዮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚጠራ ደብዳቤ ነው፤ ከሚቀጥለው ዓመት የክልል በጀት በፊት ሊጻፍ ይገባዋል።