አልቡሚን በኩላሊት ውስጥ የት ይደርሳል?

የጤናማ ሰው ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ፕላዝማ በሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል፣ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ፣ 40 ግራም ገደማ አልቡሚን አለ። ሁለቱን ብናባዛቸው ከ7 ኪሎ በላይ ይመጣል። በቀኑ ሽንት ውስጥ የሚገኘው አልቡሚን ግን ከ30 ሚሊግራም በታች ነው። ቀሪው የት ሄደ? ከመጀመሪያውም ማጣሪያውን አላለፈም ወይስ ካለፈ በኋላ ኩላሊቱ ከመንገድ መልሶ ያዘው? ሽንቱን ብቻ በመመርመር ይህን ማወቅ አይቻልም፤ በሁለቱም መንገድ ቢሆን መጨረሻ ላይ የሚወጣው ያው ንጹሕ ሽንት ነውና።

ጥያቄው ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም። አልቡሚን ጉበት የሚሠራው፣ በደም ፈሳሽ ውስጥ በብዛቱ አንደኛ የሆነ ፕሮቲን ነው። ውሃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ በማቆየት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። እጅግ ሲጎድል ፊትና እግር ያብጣሉ፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ስኳር በሽታ ኩላሊትን መጉዳት ሲጀምርም ቀድመው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ይኸው ፕሮቲን በሽንት መውጣቱ ነው። ስለዚህ በኩላሊት ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው።

ግን አንዱ አልቡሚን ከሌላው በምን ይለያል? እረኛ በአንዲት ላም አንገት ላይ ቃጭል እንደሚያስር፣ ተመራማሪዎችም ከጥቂት የአልቡሚን ሞለኪውሎች ጋር ጨረር የሚያመነጭ አቶም ያያይዛሉ። ላሚቱ ጫካ ብትገባም ቃጭሉ ያለችበትን ይናገራል። በጨረር አመንጪ አቶሞች ዱካ የመከተልን ዘዴ ያስጀመረው የሃንጋሪ ተወላጁ ኬሚስት ጆርጅ ደ ሄቬሲ ሲሆን፣ ለዚህም የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለአልቡሚን በአብዛኛው የተመረጠው ምልክት አዮዲን ነው፤ ታይሮሲን ከተባለው የፕሮቲኑ ክፍል ጋር በቀላሉ ይያያዛል። የአዮዲን-131 ጨረር በ8 ቀን፣ የአዮዲን-125 ደግሞ በ60 ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አልቡሚን ራሱ በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 19 ቀን ያህል ስለሚፈጅበት፣ ለሳምንታት ሊቆጠር የሚችል ምልክት ያስፈልግ ነበር።

ችግሩ ቃጭሉ የሚወልቅ መሆኑ ነው። ሰውነት አልቡሚኑን ሲፈጨው አዮዲኑ ተነጥሎ ወደ ደም ይመለሳል፣ ከዚያም በቀላሉ በሽንት ይወጣል። ጨረር ቆጣሪው ደግሞ አዮዲኑን እንጂ አልቡሚኑን አያይም። በሽንት ውስጥ ጨረር ተገኘ ማለት ሙሉው አልቡሚን አለፈ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የተፈጨ ቁራጭም፣ ብቻውን የቀረ አዮዲንም ሊሆን ይችላል። ይህን ያልለየ ተመራማሪ ጤነኛውን ኩላሊት የሚያፈስ ነው ብሎ ይፈርድበታል።

መለያው ቀላል ነው። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ባለው ሽንት ላይ ትሪክሎሮአሴቲክ አሲድ ይጨመራል። ሙሉ የሆነው ፕሮቲን እንደ ነጭ ደመና ይረጋል፤ ትንንሾቹ ቁራጮችና ነጻው አዮዲን ግን ሟምተው ይቀራሉ። ቱቦው በማሽን በፍጥነት ሲሽከረከር ነጩ ነገር ከታች ይዘቅጣል። ከዚያ የታችኛውና የላይኛው ለየብቻ ይቆጠራሉ። የዚህ ዘርፍ ሙከራ ውጤት ሲቀርብልን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ይህ መለየት ተደርጓል ወይ ብለን ነው።

ለአንዱ እንቅፋት የሆነው ለሌላው መለኪያ ሆኗል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በኒውዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል፣ ሮዛሊን ያሎና ሰለሞን በርሰን በአዮዲን-131 ምልክት የተደረገበትን የሰው አልቡሚን በመጠቀም ፕሮቲኑ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ አጠኑ። በእንዲህ ያለ ጥናት ተሳታፊው አስቀድሞ ጨረር የሌለውን አዮዲን ይወስዳል፤ ይህም በጉሮሮ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ጨረር ያለውን እንዳይሰበስብ ነው። እንዲህ ሲደረግ ከተፈጨው አልቡሚን የተነጠለው አዮዲን በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። የየቀኑ ሽንት ተሰብስቦ ሲቆጠር፣ በዚያ ቀን ሰውነት ምን ያህል አልቡሚን እንደፈጨ ይታወቃል። በጤናማ ሰው ጉበት የሚተካው በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ያህል መሆኑን የምናውቀው በእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው።

ይህ ቁጥር አንድ ግራ የሚያጋባ በሽታን ለመረዳት በር ከፍቷል። ኔፍሮቲክ ሲንድረም በተባለው የኩላሊት ሕመም በቀን ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፤ በደም ያለው አልቡሚን ክፉኛ ያሽቆለቁላል፣ ሰውነት ያብጣል። ጉበት በቀን ከ10 ግራም በላይ መሥራት ከቻለ ይህን ለመተካት ስለምን ያቅተዋል? በ1956 ዴቪድ ጊትሊንና ባልደረቦቹ ይህ ሕመም ባለባቸው ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ምልክት የተደረገባቸው ፕሮቲኖች ጥናት አሳተሙ። ውጤቱ አልቡሚን በሽንት ከመጥፋቱ በተጨማሪ በሰውነት ውስጥም ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ እንደሚፈጭ አሳየ። ከማጣሪያው ያለፈውን አልቡሚን የኩላሊቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ይይዙታል፣ የሚበዛውንም ይፈጩታል። በሽንት የሚታየው ከማጣሪያው አልፎ፣ ከቱቦዎቹም አምልጦ የቀረው ብቻ ነው።

ታዲያ በጤናማ ኩላሊት ማጣሪያውን የሚያልፈው ምን ያህል ነው? በዚህ ላይ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በአይጥ ኩላሊት ውስጥ እጅግ ቀጭን የመስታወት መርፌ አስገብተው ፈሳሹን የቀዱ ተመራማሪዎች፣ በማጣሪያው ማዶ የሚገኘው አልቡሚን በደም ካለው ከ10,000 እጅ 6 ያህሉ ብቻ እንደሆነ ለኩ። ወደ ሰው ሲሰላ በቀን 4 ግራም ገደማ ነው። በአውስትራሊያ የዌይን ኮምፐር ቡድን ግን በትሪቲየም ምልክት የተደረገበትን አልቡሚን ተከትሎ፣ በሽንት የሚወጣው አልቡሚን በአብዛኛው በቁራጭ መልክ ስለሆነ የተለመደው ምርመራ እንደማያየው አስረዳ። ቀጥሎም ማጣሪያው ብዙ አልቡሚን እንደሚያሳልፍ፣ ቱቦዎቹም ሙሉውን ወደ ደም እንደሚመልሱት ተከራከረ። በ2007 በሚያበራ ቀለም የተደረገ የማይክሮስኮፕ ጥናት ያወጣው ቁጥር ወደ ሰው ቢሰላ በቀን ከ200 ግራም ያልፋል።

እኔን የሚያሳምነኝ የመጀመሪያው ወገን ነው። ማጣሪያው በቀን 200 ግራም የሚያሳልፍ ቢሆን ኖሮ፣ ቱቦዎቻቸው መልሶ የመያዝ አቅም ያጡ ሕመምተኞች በመቶዎች የሚቆጠር ግራም በሽንት ባፈሰሱ ነበር። የሚያፈስሱት ግን ከጥቂት ግራም አይበልጥም። በኋላ በተመሳሳይ ማይክሮስኮፕ በበለጠ ጥንቃቄ የተደረጉ ልኬቶችም ቁጥሩን እጅግ ዝቅ አድርገውታል። የኮምፐር ቡድን ቱቦዎቹን ችላ አትበሉ ማለቱ ግን ተገቢ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ወደ ተራው ሕመምተኛ የደረሰው ምልክት የተደረገበት አልቡሚን ከሰው ሰውነት ወጥቶ ወደ ሙከራ ቱቦ ሲገባ ነው። ያሎና በርሰን ለኢንሱሊን በፈጠሩት የመለኪያ ዘዴ መሠረት (ያሎ ለዚህ በ1977 ኖቤል ተሸልማለች፤ በርሰን በ1972 ስላረፈ አልደረሰበትም)፣ በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ሃሪ ኪንና ክሎቬራኪስ በ1963 የሽንት አልቡሚንን ለኩ። በቱቦው ውስጥ ጥቂት ፀረ እንግዳ አካልና የታወቀ መጠን ያለው ጨረራማ አልቡሚን ይቀመጣል፤ የሕመምተኛው ሽንት ይጨመራል። በሽንቱ ያለው አልቡሚን በበዛ ቁጥር ጨረራማው ቦታ ያጣል፣ ቆጣሪውም ያነሰ ያነባል። እስከዚያ ድረስ በተለመደው የሽንት ምርመራ የሚታየው በቀን 300 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ ነበር። አሁን ጥቂት ሚሊግራምም ይለካል።

የዚህ ጥቅም በ1982 በግልጽ ታየ። በጋይስ ሆስፒታል የቪበርቲ ቡድን ከ14 ዓመት በፊት የሌሊት ሽንታቸው የተለካ 63 ኢንሱሊን ተጠቃሚ የስኳር ሕሙማንን ውጤት አወጣ። የአልቡሚን መጠናቸው ዝቅተኛ ከነበረው 55 ሰዎች ግልጽ የኩላሊት ሕመም የያዛቸው 2 ብቻ ናቸው። ጥቂት ከፍ ያለ ከነበራቸው 8 ሰዎች ግን 7ቱን ይዟቸዋል።

ዛሬ ምርመራው በአብዛኛው ያለ ጨረር ይሠራል፤ ትንሽ ሽንት ይበቃዋል። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለብዎ ከሆነ በሽታው ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዓይነት አንድ ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ የሽንት አልቡሚን ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በተራው የሽንት ምርመራ «ፕሮቲን የለም» መባል ብቻውን አይበቃም። ውጤቱ ከፍ ካለም ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ከባድ የአካል እንቅስቃሴ ለጊዜው ሊጨምረው ስለሚችል ይደገም።